ስክሪኑ የቆጠበው ኃይል የት ይገባል?

የስማርት ስልክ አምራቾች አዲስ ሞዴል ይዘው ብቅ ባሉ ቁጥር ከማይዘነጓቸው ነገሮች አንዱ አዲሱ ስክሪን ካለፈው ያነሰ ኃይል እንደሚጠቀም መናገር ነው። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ዛሬ በጥሩ ስልክ ላይ የሚገጠም ስክሪን ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ያንኑ ያህል ብርሃን ለማውጣት የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ በእጅጉ ቀንሷል። ባትሪዎችም በዚያው ጊዜ ውስጥ ብዙ ኃይል መያዝ ጀምረዋል። ሆኖም አብዛኛው ሰው ስልኩን ዛሬም እንደ ድሮው በየቀኑ ቻርጅ ያደርጋል። ከሁለት አቅጣጫ ትርፍ ተገኝቶ ሳለ የባትሪው ቆይታ ግን በዚያው ልክ አልረዘመም።

ትርፉ የት ገባ? ስክሪንን ቆጣቢ የሚያደርጉት ቴክኖሎጂዎች እውነተኛ ናቸው፤ አንዳንዶቹም የዘመናችን ድንቅ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ኃይል መቆጠቡ ብቻውን የባትሪውን ቆይታ አያረዝምም። የተቆጠበው ኃይል ባትሪው ውስጥ ይቆይ ወይስ ለሌላ ነገር ይዋል የሚለውን የሚወስኑት አምራቹ፣ መተግበሪያውን የሠራው ባለሙያና ስልኩን የያዘው ሰው ናቸው። ይህ ልዩነት በማስታወቂያው ውስጥ ስለማይነገር በዝርዝር ማየቱ ይጠቅማል።

በቅድሚያ ሒሳቡን እንሥራ። 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አማካይ ቮልቴጁ 3.85 ቢሆን 19 ዋት-ሰዓት ያህል ኃይል ያከማቻል። ስልኩ ያለማቋረጥ 1 ዋት ቢጠቀም 19 ሰዓት፣ 2 ዋት ቢጠቀም ደግሞ ከ10 ሰዓት ጥቂት ያነሰ ይቆያል ማለት ነው። አሁን አንድ ስልክ እናስብ፤ ስክሪኑ በርቶ ጽሑፍ ሲነበብበት በአጠቃላይ 1.8 ዋት ይጠቀም፣ ከዚህም ግማሹን ስክሪኑ፣ ግማሹን ፕሮሰሰሩ፣ የኔትወርክ ክፍሉና ሌላው ይውሰድ። ይህ ስልክ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይሠራል። የስክሪኑን ፍጆታ በ25 በመቶ ብንቀንስ አጠቃላዩ ወደ 1.575 ዋት ይወርድና ቆይታው 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይሆናል። ስክሪኑ በ25 በመቶ ቆጣቢ ሆነ፤ የባትሪው ቆይታ ግን የጨመረው በ14 በመቶ ብቻ ነው። ስክሪኑ ጠፍቶ ስልኩ ኪስ ውስጥ በሚቆይባቸው ሰዓታት ደግሞ የስክሪኑ ዓይነት ከነጭራሹ ለውጥ አያመጣም፤ ያኔ ባትሪውን የሚበላው ኔትወርክ ፍለጋውና ከጀርባ የሚሠሩት መተግበሪያዎች ናቸው።

ሒሳቡ ፀሐይ ላይ ስንወጣ ይለወጣል። ስልኩ ድምቀቱን ከፍ አድርጎ ስክሪኑ ብቻውን 2.5 ዋት መውሰድ ጀመረ እንበል። አጠቃላዩ 3.4 ዋት ይደርስና ባትሪው ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዚህ ሁኔታ ያው 25 በመቶ ቁጠባ የባትሪውን ቆይታ በ22 በመቶ ያራዝመዋል። እዚህ ያሉት የዋት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ የሚያሳዩት ግንኙነት ግን የትኛውም ስልክ ላይ ይሠራል። ስክሪኑ ብዙ በበላ ቁጥር የስክሪኑ ብቃት ዋጋው ይጨምራል፤ ትንሽ በሚበላበት ሁኔታ ደግሞ ልዩነቱ ለተጠቃሚው እምብዛም አይሰማውም።

ብርሃኑ የሚባክንበት መንገድ

ለረጅም ጊዜ የስልክ ስክሪን ማለት ኤልሲዲ ነበር። በኤልሲዲ ውስጥ ፒክስሎቹ፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ራሳቸው ብርሃን አያመነጩም። ከኋላቸው ነጭ ብርሃን የሚሰጡ አነስተኛ ኤልኢዲ መብራቶች አሉ፤ ፈሳሽ ክሪስታሉ ደግሞ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ያግዳል። ጥቁር የሚታየን ስክሪኑ ብርሃን ማመንጨት ስላቆመ ሳይሆን የመነጨው ብርሃን ስለታገደ ነው። መብራቱን ሳያጠፉ መጋረጃ በመዝጋት መስኮትን የማጨለም ያህል ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በመንገድ ላይ የሚቀረው ነው። ብርሃኑ መጀመሪያ ፖላራይዘር በሚባለው ማጣሪያ ውስጥ ሲያልፍ ከግማሹ በላይ ይቀራል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ ስላለው፣ በቀዩ በኩል የሚያልፈው ነጭ ብርሃን አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ድርሻ ይጥላል፤ በዚህም ከቀረው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ይጠፋል። በፒክስሎቹ መካከል ያሉት ሽቦዎችና ትራንዚስተሮችም (ኤሌክትሪክ የሚከፍቱና የሚዘጉ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች) የራሳቸውን ያግዳሉ። በመጨረሻ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ከኋላ ከመነጨው ብርሃን ከ5 እስከ 10 በመቶ አካባቢ ነው። ዘጠና በመቶው ያህል እዚያው ስክሪኑ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ያም ሆኖ ኤልሲዲን ለዚህን ያህል ዘመን ያቆየው ከኋላው ያለው መብራት እጅግ ብቁ መሆኑ ነው። ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲን የፈጠሩት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሥራቸው ኃይል ቆጣቢ ነጭ ብርሃንን እውን ስላደረገ ነው። የመነሻው ብርሃን ርካሽ ከሆነ አብዛኛው በመንገድ ቢባክንም ሥራው ይሠራል።

ሁለተኛው መንገድ ብርሃኑን ከነአካቴው እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ እንዲያመነጭ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የኢስትማን ኮዳክ ተመራማሪዎች ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ እጅግ ስስ በሆኑ የኦርጋኒክ ቁሶች ንብርብር ውስጥ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሪክ አሳልፈው ብርሃን ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ኦሌድ የምንለው ስክሪን መነሻው ይህ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሳምሰንግ የመጀመሪያው ጋላክሲ ኤስ በኦሌድ ስክሪኑ ታወቀ፤ አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በአይፎን ኤክስ ተከተለ።

በኦሌድ ጥቁር ነጥብ ማለት የጠፋ ነጥብ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚነገር ትልቅ ጥቅም ነው፤ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ሌላኛው ፊቱ ነው። የኤልሲዲ ፍጆታ በሚያሳየው ምስል እምብዛም አይለወጥም፤ ጨለማ ፊልምም ይሁን ነጭ ገጽ የኋላው መብራት ያው ነው። የኦሌድ ፍጆታ ግን በአብዛኛው በምስሉ ላይ ይወሰናል። ፊልም፣ ፎቶግራፍና ጥቁር ዳራ ያለው መተግበሪያ ሲታይ ትርፉ ግልጽ ነው። ነጭ ገጽ ላይ ግን እያንዳንዱ ፒክስል ሦስቱንም ቀለማት በሙሉ ኃይል ያበራል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ኦሌድ ከጥሩ ኤልሲዲ በላይ ሊበላ ይችላል። በስልክ የምናየው ነገር አብዛኛው ደግሞ ጽሑፍ፣ ድረ ገጽ፣ መልእክትና ሰነድ ነው፤ ይህም ሁሉ ለብዙ ዓመታት የቀረበልን በነጭ ዳራ ላይ ነው። ለኦሌድ እጅግ የማይመቸውን ነገር ቀን ከሌት እያሳየነው ኃይል ይቆጥብልናል ብለን ጠበቅን።

የሰማያዊው ችግር

ኦሌድ ለምን በነጭ ላይ ይቸገራል የሚለውን ለመረዳት ወደ ቁሶቹ መግባት ያስፈልጋል፤ በበኩሌ የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። በኦርጋኒክ ንብርብሩ ውስጥ ኤሌክትሮኖችና የኤሌክትሮን ክፍተቶች ሲገናኙ የተነቃቃ ኃይል ይፈጠራል። በኳንተም ሕግ መሠረት እንዲህ ከሚፈጠሩት ከየአራቱ አንዱ ብቻ በቀላሉ ብርሃን መሆን የሚችል ዓይነት ነው፤ ሦስቱ በተለመደው ቁስ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ፍሎረሰንት የተባሉት ቁሶች በዚህ ምክንያት በውስጣቸው ካለው ኃይል ሩቡን ያህል ብቻ ወደ ብርሃን መለወጥ ይችሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 ማርክ ባልዶ፣ ስቲቨን ፎረስትና ማርክ ቶምፕሰን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ከባድ ብረት ያለባቸውን ሞለኪውሎች በመጠቀም የሚባክኑትን ሦስቱንም ወደ ብርሃን ማምጣት እንደሚቻል አሳዩ። ፎስፎረሰንት የሚባሉት እነዚህ ቁሶች በንድፈ ሐሳብ ደረጃ እስከ 100 በመቶ የውስጥ ብቃት ይደርሳሉ። ቀዩና አረንጓዴው ፒክስል ይህን ዕድል አግኝቷል። ሰማያዊው ግን ለረጅም ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቷል። ምክንያቱም የሰማያዊ ብርሃን ቅንጣት ከቀይና ከአረንጓዴ የበለጠ ኃይል የተሸከመ በመሆኑና ያ ኃይል በፎስፎረሰንት ሞለኪውል ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ የሞለኪውሉን ትስስር ይበጥሳል። ሰማያዊው ቶሎ ያረጃል፤ ስክሪኑም ከጊዜ በኋላ ወደ ቢጫ ያደላል። አምራቾች ስለዚህ ዕድሜ ለማትረፍ ብቃቱ ዝቅተኛ የሆነውን ፍሎረሰንት ሰማያዊ ይዘው ቀጠሉ። ነጭ ገጽ ባየን ቁጥር ሰማያዊው ድርሻ በሌሎቹ ሁለቱ የተገኘውን ቁጠባ በከፊል ይመልሰዋል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ወሳኝ እርምጃ የታየው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኤልጂ ዲስፕሌይ ፎስፎረሰንት ሰማያዊን ለምርት በሚበቃ ደረጃ ማረጋገጡን አስታወቀ። ኩባንያው ያደረገው ሰማያዊውን በሁለት ንብርብር ከፍሎ አንዱን በዕድሜው በተፈተነው ፍሎረሰንት፣ ሌላውን በቆጣቢው ፎስፎረሰንት መሥራት ነው። ይህ ዓይነት ስክሪን በስልኮች ላይ ሲስፋፋ ትርፉ በትክክል በሚያስፈልገን ቦታ፣ ማለትም በነጭ ገጽ ላይ፣ ይገኛል። ከጥቁር ዳራ ጋር ከተያያዙት ምክሮች ሁሉ ይልቅ ይህ የኬሚስትሪ ሥራ ለባትሪ የሚያደርገው አስተዋጽኦ ትልቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ብርሃኑ ከመነጨ በኋላም መውጣቱ ሌላ ፈተና ነው። ኦሌድ ስክሪን ላይ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን ተንጸባርቆ ምስሉን እንዳያደበዝዝ ፖላራይዘር ይለጠፍበታል፤ እሱ ግን ከውስጥ የሚወጣውንም ብርሃን ከግማሽ በላይ ይውጣል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2021 በጋላክሲ ዚ ፎልድ 3 ላይ ይህን ንብርብር አስወግዶ በምትኩ በፒክስሎቹ ላይ የቀለም ማጣሪያ፣ በመካከላቸው ደግሞ ነጸብራቅ የሚውጥ ጥቁር ቁስ አስቀመጠ። ኩባንያው የሚያልፈው ብርሃን በ33 በመቶ እንደጨመረና የኃይል ፍጆታው እስከ 25 በመቶ እንደቀነሰ ገልጿል። አንድ ስስ ንብርብር በማንሳት ብቻ የተገኘ መሆኑ ያስደንቃል።

ሁለት የብርሃን ንብርብሮችን አንዱን በሌላው ላይ መደራረብም አለ፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 በአይፓድ ፕሮ ላይ ተጠቅሞበታል። እያንዳንዱ ንብርብር ግማሹን ብርሃን ብቻ ስለሚያመነጭ ብዙም አይጨነቅም፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ኦርጋኒክ ቁሶች ብዙ ጅረት ሲጫንባቸው ብቃታቸው ስለሚወርድ ጫናውን ማካፈሉ ኃይልም ይቆጥባል። ሆኖም ሁለቱን ንብርብሮች ለማብራት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ብርሃኑ በእጥፍ ጨመረ ሲባል ፍጆታው በግማሽ ቀነሰ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

በሰከንድ 120 ጊዜ

እስካሁን ያየነው ብርሃን ለማመንጨት የሚወጣውን ኃይል ነው። ስክሪን ግን ምስሉን በየጊዜው ለማደስም ኃይል ያወጣል። 60 ሄርዝ ስክሪን ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ፣ 120 ሄርዝ ደግሞ 120 ጊዜ ያድሳል። በእያንዳንዱ እድሳት በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ነጥቦች አዲስ ቮልቴጅ ይላካል፤ ግራፊክስ ፕሮሰሰሩም አዲስ ምስል እንዲያዘጋጅ ይገደዳል። ጣታችን ገጹን ሲያንሸራትት ይህ ፍጥነት ለዓይን ደስ ይላል። አንድ አንቀጽ ቆመን ስናነብ ግን ያንኑ ምስል በሰከንድ 120 ጊዜ ደጋግሞ መሳል ንጹሕ ብክነት ነው።

ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይቆምም? ምክንያቱ ትራንዚስተሩ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ምን ያህል መብራት እንዳለበት የሚነግረው ቮልቴጅ በአነስተኛ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ለስልክ ስክሪን የተለመደው የሲሊኮን ትራንዚስተር ደግሞ ፈጣን ቢሆንም ያፈስሳል። ቶሎ ካልታደሰ ቮልቴጁ ይወርድና ስክሪኑ ይርገበገባል። መፍትሔው የመጣው ከሌላ ቁስ ነው። በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም የሂዴዎ ሆሶኖ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ከኢንዲየም፣ ከጋሊየም፣ ከዚንክና ከኦክሲጅን የተሠራ ተጣጣፊ ትራንዚስተር አቀረበ። ከዚህ ቁስ የሚሠራ ትራንዚስተር ሲዘጋ የሚያፈስሰው ጅረት እጅግ ኢምንት ነው።

ኤልቲፒኦ የሚባለው አሠራር ሁለቱን አንድ ላይ አዋሕዷል፤ ፈጣኑ ሲሊኮን ፒክስሉን ይነዳል፣ የማያፈስሰው ኦክሳይድ ቮልቴጁን ይጠብቃል። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2018 በአፕል ዎች ሰዓት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በጋላክሲ ኖት 20 አልትራ ወደ ስልክ ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አይፎን 14 ፕሮ ደግሞ እስከ 1 ሄርዝ ድረስ መውረድ ቻለ። በሰከንድ አንድ እድሳት ብቻ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ስልክ ምስሉ ቆሞ ሲታይ ስክሪኑ በራሱ ማኅደረ ትውስታ ያለውን ይዞ ይቆያል፤ ፕሮሰሰሩም ያርፋል።

ሁለት ነገሮችን ግን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ኤልቲፒኦ የሚቆጥበው የማደሻውን ኃይል እንጂ የብርሃኑን አይደለም፤ ስክሪኑ ደምቆ በሚበራበት ጊዜ ፍጆታውን የሚቆጣጠረው ብርሃኑ ስለሆነ ድርሻው ያንሳል። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ስክሪኑ እንዲያርፍ መተግበሪያው ጸጥ ማለት አለበት። በአንድ ጥግ ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ምልክት፣ ራሱን የሚደግም ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ፣ ያለ ድምፅ በራሱ የሚጀምር ቪዲዮ ካለ ስልኩ ፍጥነቱን ወደ ታች ማውረድ አይችልም። ሃያ ዓመት የፈጀ የቁስ ሳይንስ በአንዲት ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ ከንቱ ይሆናል። መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች ይህን እንደ ጥራት መለኪያ አድርገው ቢወስዱት የብዙ ሚሊዮን ስልኮች ባትሪ ባንድ ጊዜ ይጠቀም ነበር።

ትርፉን የበላው

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ስክሪን 3.5 ኢንች ነበር። ዛሬ 6.7 ኢንች የተለመደ ነው። ኢንቹ የሚለካው በሰያፍ ስለሆነ ልዩነቱ እጥፍ ብቻ ይመስላል፤ ስፋቱን ስናሰላ ግን ከ36 ካሬ ሴንቲሜትር ወደ 110 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ፣ ሦስት እጥፍ ሆኗል። በዚያው ድምቀት ለማብራት ሦስት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል። የማደሻው ፍጥነት ከ60 ወደ 120 አደገ። ከሁሉም በላይ ግን ድምቀቱ ሮጠ። አይፎን ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2017 እስከ 625 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) ይደምቅ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣው አይፎን 14 ፕሮ ከቤት ውጭ እስከ 2000 ኒት ይወጣል። ሌሎች አምራቾችም በዚሁ ውድድር ውስጥ ናቸው።

ድምቀቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ደማቅ ቀን ላይ ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን 100,000 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) ሊደርስ ይችላል፤ ቢሮ ውስጥ 500 ሉክስ ያህል ነው። በዚህ ልዩነት ውስጥ የደበዘዘ ስክሪን መነበብ አይችልም፤ ፀሐይ ላይ ስልኩን በእጁ እየከለለ ለሚያነብ ሰው ይህ እውነተኛ መፍትሔ ነው። የሚያስከፋኝ ብቃቱ የተገኘበት መንገድና የዋለበት ጉዳይ ተምታቶ መቅረቡ ነው። አንድ ስክሪን ብርሃን የሚያሳልፍበትን መንገድ ሲያሻሽል አምራቹ ሁለት ምርጫ አለው፤ በዚያው ድምቀት ያነሰ ኃይል መጠቀም፣ ወይም በዚያው ኃይል የበለጠ መድመቅ። በሽያጭ መደርደሪያ ላይ ዓይን የሚስበው ሁለተኛው ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1865 የእንፋሎት ሞተሮች ቆጣቢ መሆናቸው የድንጋይ ከሰል ፍጆታን ከመቀነስ ይልቅ እንደሚያሳድገው ጽፎ ነበር። በስክሪን ላይ የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ለተጠቃሚው የሚቀረው ትልቁ ሥልጣን እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። የዳርክ ሞድን፣ ማለትም ነጩን ዳራ ወደ ጥቁር የሚቀይረውን አማራጭ፣ ነገር እንውሰድ። አንድሮይድ 10 እና አይኦኤስ 13 እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን አማራጭ ለሁሉም ካመጡ ወዲህ ባትሪ ለማትረፍ ዋነኛው ዘዴ ተደርጎ ይነገራል። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ኦሌድ ስክሪን ባላቸው ስልኮች ላይ ታዋቂ የሆኑ መተግበሪያዎችን ለክተው ነበር። ድምቀቱ 100 በመቶ ሲሆን ወደ ዳርክ ሞድ መቀየር በአማካይ ከ39 እስከ 47 በመቶ የባትሪ ኃይል ይቆጥባል። ብዙ ሰው ቤት ውስጥ በሚጠቀምበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው ድምቀት ግን ቁጠባው ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። ኤልሲዲ ስክሪን ላይ ደግሞ ከኋላ ያለው መብራት ስለማይጠፋ ጥቅሙ ከዚህም ያንሳል።

ይህ ውጤት የሚነግረን ድምቀቱ ከቀለሙ እንደሚቀድም ነው። ዓይናችን ደግሞ በዚህ ላይ ይተባበረናል። የብርሃን መጠን በግማሽ ሲቀንስ የሚሰማን በግማሽ የጨለመ አይደለም፤ በዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ቀመር ሲሰላ የሚሰማን ቅናሽ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ኦሌድ ላይ ግን የብርሃን ማመንጫው ፍጆታ በግማሽ አካባቢ ይወርዳል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዓይን ይለምደዋል፤ ባትሪው ግን ቀኑን ሙሉ ይጠቀማል። ቤት ውስጥ ድምቀቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ ራስ ሰር ማስተካከያውን አለማጥፋትና ስክሪኑ ሳይነካ ሲቆይ ቶሎ እንዲዘጋ ማዘዝ ብዙ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚሰጡትን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሰጣሉ።

ቀጣዩ የተስፋ ስም ማይክሮኤልኢዲ ነው። ኦርጋኒክ ባልሆኑ እጅግ ጥቃቅን ኤልኢዲዎች የሚሠራ በመሆኑ እንደ ኦሌድ ቶሎ አያረጅም፣ በጣም ይደምቃል። ነገር ግን ኤልኢዲው እያነሰ በሄደ ቁጥር በጠርዞቹ ላይ የሚጠፋው ኃይል ከጠቅላላው አንጻር ስለሚያድግ ብቃቱ ይወርዳል። የሰዓት አምራቹ ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2025 ፌኒክስ 8 ፕሮ የተባለውን ሰዓት በሁለቱም ስክሪን ሲያወጣ የማይክሮኤልኢዲው ቆይታ እስከ 10 ቀን፣ የኦሌዱ ግን እስከ 27 ቀን ተብሎ ተቀመጠ። አዲስ ስለሆነ ብቻ ቆጣቢ ነው ማለት እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በሌላው ጫፍ ያለው የኤሌክትሮኒክ ወረቀት ነው፤ ምስሉ ካልተቀየረ በስተቀር ምንም ኃይል አይፈልግም፣ የሚነበበውም በአካባቢው ብርሃን ነው። ቪዲዮ ማሳየት ላይ ስለሚቸገር ግን ከንባብ መሣሪያዎች አልፎ በስልክ ገበያ ሥር መስደድ አልቻለም።

ገዢው ታዲያ ምን ይዞ ይምረጥ? ከፍተኛው የኒት ቁጥር ስለ ባትሪ የሚነግረው ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ የሚለካውም በስክሪኑ ትንሽ ክፍል ላይና ለአጭር ጊዜ ነው። ሚሊአምፒር-ሰዓቱም ብቻውን አይበቃም። የተሻለው መረጃ ሁሉንም ስልኮች በአንድ ድምቀት፣ ለምሳሌ በ200 ኒት፣ አስተካክለው ከሚፈትሹ ገለልተኛ ፈታሾች የሚገኘው ነው፤ በዚህ መንገድ ብቻ የስክሪኑ ብቃት ከድምቀቱ ተለይቶ ይታያል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ አዳዲስ ስማርት ስልኮች የኃይል መለያ ምልክት እንዲኖራቸው አስገድዷል። መለያው ስልኩን ከኤ እስከ ጂ ባለው ደረጃ ያስቀምጣል፤ አንድ ሙሉ ቻርጅ ስንት ሰዓትና ደቂቃ እንደሚቆይም በተመሳሳይ ፈተና ለክቶ ያሳያል። አምራቾች ለራሳቸው በሚመች ሁኔታ የለኩትን ቁጥር ከማመን ይህ እጅግ ይሻላል።

ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል። በዚያው ኅብረት ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሚሸጡ ቴሌቪዥኖችና የኮምፒውተር ሞኒተሮች መለያው ላይ ስክሪኑ በ1000 ሰዓት ውስጥ ስንት ኪሎዋት-ሰዓት እንደሚበላ በግልጽ ይታተማል። ስልክ ላይ የባትሪውና የስክሪኑ ድርሻ ተደባልቆ ስለሚቀርብ ትልቅ ባትሪ የተጫነበት አባካኝ ስክሪን ትንሽ ባትሪ ካለው ቆጣቢ ስክሪን ጋር እኩል ሆኖ ሊታይ ይችላል። አምራቾች ሙሉ ነጭ ገጽ በ200 ኒት ሲበራ ስክሪኑ ስንት ዋት እንደሚወስድ ያውቃሉ፤ በቤተ ሙከራቸው የሚለኩት ነገር ነው። ይህ አንድ ቁጥር ከካሜራው ሜጋፒክስልና ከማደሻው ሄርዝ አጠገብ በእያንዳንዱ ስልክ ማሸጊያ ላይ መታተም አለበት።